ለአንድ እጅ የተለካ ቤዝ ጊታር

ሰፈሩ ልኬ ነው የሚላት። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነበር። ግን ቁም ሣጥን ሊያሠራ የመጣውን ሁሉ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ልኩን ይዘዋል?» ስለምትለው፣ በዚያው ልኬ ሆና ቀረች። አባቷ አናጢ ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጋዛቸውን ሰቀሉና ከቤታቸው ጀርባ ያለውን የሥራ ክፍል ለአንድ ልጃቸው ለቀቁላት። ሴት አናጢ ብለው የሳቁ ነበሩ፤ የሠራችውን ያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡ። የልኬ መሳቢያ በትንሿ ጣት ሲገፉት ይዘጋል፣ ሲዘጋም እፎይ የሚል ይመስላል።

ሠላሳ ዓመት በሞላት ዓመት አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ የመጻሕፍት መደርደሪያ እንድትሠራ ተጠራች። የቤቱ እመቤት ስማቸው የገነነ የእጅ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ወንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጁ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ከአራት ወር በፊት፣ ከአንድ ዝግጅት በኋላ ዕቃ ሲጭኑ ትልቁ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ተንሸራቶ ግራ እጁ ላይ ወደቀ። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ተጨፈለቁ። በሰዓቱ ሌላ የእጅ ሐኪም ስላልተገኘ እናቱ ራሳቸው ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆመው ሰፉለት። ጣቶቹ ተረፉ። ግን እንደ ድሮው አይታጠፉም፣ እንደ ድሮውም አይዘረጉም። ግራኝ በመሆኑ መጻፍ እንኳ እንደ ልጅ እንደገና መማር ነበረበት። የቤዝ ጊታርን ረጅምና ወፍራም አንገት ጨብጦ መጫወት ደግሞ የማይታሰብ ሆነ።

መደርደሪያው የሚቆመው ጊታሩ በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ነበር። ልኬ አቧራ እንዳይነካው እንዲያነሳላት ለመነችው። እሱ መስኮቱ ዘንድ ቆሞ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ይንካው፣ ከእንግዲህ ሥራው አቧራ መያዝ ነው አላት። ልኬ ከአንገቷ ላይ ሻርፗን ፈታች፣ ጊታሩን ከግድግዳው አወረደች፣ እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርጋ ጠቅልላ አልጋው ላይ አስተኛችው። በዝምታው ግራ ተጋብቶ ዘወር ሲል፣ የሻርፗን ጫፎች ከጊታሩ ሥር ስታስገባ ደረሰ። ከአደጋው ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያየው እጁን ነበር። ይቺ ሴት ግን እጁን አላየችም፣ ለጊታሩ ነው ያዘነችለት። ደረቱ ላይ ለወራት የተቋጠረ ነገር ላላ ሲል ተሰማው።

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። በሁለተኛው ሳምንት መሰላሉ ሥር ወንበር ስቦ መቀመጥ ጀመረ። ብሎን ስትጠይቀው ሁልጊዜ በግራ እጁ እንዲያቀብላት ታዛለች፤ ሲወድቅበት ታነሳና መልሳ መዳፉ ላይ ታስቀምጣለች፣ ያቀብላታል። እናቴ ያላዘዘችልኝን ሕክምና አንቺ አዘዝሽብኝ እያለ ይስቅባታል። እርስዎ ማለቷን እንድትተው ቢለምናትም እንቢ አለች፣ የሰው ቤት ሥራ ላይ ነኝ ብላ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ጣውላ ከእጇ አምልጦ ወደ እሱ ሲንደረደር «ዞር በል!» የሚል ቃል ከአፏ ወጣ። ጣውላው ወለል ላይ ከተጋደመ በኋላ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ እርስዎ ወደ ነበረበት አልተመለሰም።

የመደርደሪያውን የመስታወት በሮች የገጠመች ዕለት፣ መስታወት የሚጣበቅበትን ለስላሳ ስቱኮ አድቦልቡላ ግራ እጁ ላይ አኖረችለት። የጊታር አንገት እንደሚይዝ አድርጎ አጥብቆ እንዲጨብጠው፣ እስኪሞቅም እንዳይለቀው ነገረችው። ጨበጠው። ስትቀበለው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ መሣሪያ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ሲያቀብላት ጣቶቿ መዳፉን ነክተው ነበርና የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር።

ዶክተሯ ግን ዓይን ነበራቸው። በመጨረሻው ቀን ልኬን ሳሎን አስቀምጠው መደርደሪያውን አመሰገኑ፤ ምስጋናቸው ከልብ ነበር። ቀጥለው በዚያው ለስላሳ ድምፅ ልጃቸው ከእንግዲህ ጊታር እንደማይጫወት፣ እሳቸው ጣቶቹን ከውስጥ እንደሚያውቋቸው፣ የማይሆን ተስፋ የሚሰጠው ሰው ጠላቱ መሆኑን ነገሯት። «ሌላም ነገር አለ» አሉ። «ሰው ከአቻው ጋር ሲሆን ነው የሚያምርበት። ክፉ ሰው አድርገሽ እንዳትመለከቺኝ።»

ልኬ መሣሪያዎቿን ሰብስባ ወጣች። መንገዱን በሙሉ የመሣሪያ ሣጥኑ ከባድ ነበር፤ እሷ ግን የከበዳት «አቻ» የሚለው ቃል ነው።

እሱ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ስልክ እያለ ለምን እንደሚጽፍ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ገልጾላታል፤ ጣቶቼ ሥራ ይፈልጋሉ፣ እኔም ለአንቺ ካልሆነ የምጽፍለት ሰው የለኝም ብሎ። በየሳምንቱ እየመጣ፣ ሳያንኳኳ በሥራ ክፍሉ በር ሥር ያስገባል። ፊደሎቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ነበሩ፤ አንዳንዱ መስመር ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቅ ይደርሳል። ልኬ እያነበበች ትስቃለች፤ አጣጥፋም ጥሩ መሮዎቿን በምታኖርበት መሳቢያ ታስቀምጣለች። አጫጭር መልሶችም ትጽፋለች። አንድ ነገር ግን አልጻፈችለትም። ቤዝ ጊታር እየሠራችለት ነበር።

ጊታር ሠርታ አታውቅም። ስለዚህ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ፈልጋ፣ የተሰባበረ ጊታር ፈታ እያየች፣ አንድ ሳምንት ሙሉ በጥያቄ አደረቀችው። ለገላው ቀለል ያለ ዝግባ መረጠች፤ ትከሻ እንዳያደክም ብላ ከጀርባው በኩል እንደ ሰው ወገብ ሰረጎድ አደረገችው። ለአንገቱ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ የድሮ ጠረጴዛ አገኘች። ዕድሜ ያደረቀው እንጨት አይጠምም። ሦስት ቦታ ሰንጥቃ፣ የመካከለኛውን ደም ሥር ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙራ በኮላ አጣበቀችው፤ አንዱ ልጠምም ቢል ሁለቱ እንዲይዙት። ጣት በሚያርፍበት በኩል ስስ የወይራ ሰሌዳ ለበጠችበት።

ከዚያ ከባዱ መጣ። ሰሌዳው ላይ በአግድም የሚተከሉት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ፍሬት የሚባሉት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እየጠበበ የሚሄድበት ልክ አለው። አንዱ የፀጉር ያህል ከሳተ ጊታሩ ዕድሜ ልኩን ሲዋሽ ይኖራል። የመጀመሪያው አንገት ዋሸ። አምስተኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ስታ ነበር። አባቷ ማን ያውቀዋል ቢሏት፣ እሱ ያውቀዋል አለችና አንገቱን ለሁለት ሰብራ እንደገና ጀመረች።

ሁለተኛውን ስትቀርፅ ስቱኮውን ከፊቷ አስቀመጠች። ደርቆ ነበር። የአምስቱ ጣቶቹ አሻራ፣ ሁለቱ የቱ ጋ ደርሰው እንደቆሙ ሳይቀር ታትሞበታል። አንገቱን ከተለመደው በግማሽ ስንዝር አሳጠረችው። ጀርባውን ደግሞ እኩል አላደረገችውም፤ በአውራ ጣት በኩል ሞላ፣ በትንሿ ጣት በኩል ሸሸት አለ፤ የማይዘረጋው ጣት መሄድ ሳይኖርበት ክሩ ወደ እሱ እንዲመጣ። ላግታ ትጨብጠዋለች፣ ሞርዳ ትጨብጠዋለች። የራሷ እጅ ሊመቸው አይገባም ነበር፤ ሲመቻት ስህተት እንደሆነ ታውቃለች።

ወሩ ሲገፋ አባቷ በሩ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ያንቺው ግን እስካሁን ጫጩት ሆኖ፣ አድጎ፣ እሱም ራሱ እንቁላል በጣለ ነበር።»

«አባዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ለእንጨቱ ነው ትንሽ የቀረሽ? ለሌላው ነገር ነው የምጠይቅሽ።»

ልኬ ወደ ሥራዋ አጎነበሰች። ጆሮዋ ድረስ መቅላቷን አባቷ በኩራትም፣ በስጋትም ተመለከቱ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልኬ ብሎን ልትገዛ ወጥታ ሳለ እሱ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። አባቷ ሰው ሲያገኙ ልጃቸውን ሳያመሰግኑ አይውሉም። እጁን ይዘው አስገቡትና ያላለቀውን ጊታር አሳዩት። እሱ ግን ዓይኑ ያረፈው ከጊታሩ ጎን፣ ሞርሳ በሚሉት የብረት መያዣ ውስጥ በተያዘው ስቱኮ ላይ ነበር። ማንም እንዳያይበት ኪሱ ውስጥ የሚደብቀው እጅ፣ ከነጉድለቱ ደርቆ፣ በብረት ተይዞ ቆሟል። አመስግኖ ወጣ። ይዞ የመጣውን ደብዳቤ አልሰጠም።

በማግስቱ ሌላ ደብዳቤ በበሩ ሥር ገባ።

«ልኬ፣ እጄን ሞርሳ ውስጥ አየሁት። ያን ቀን ለመስታወቱ መስሎኝ ነበር የጨበጥኩልሽ። አንቺ ዘንድ ስመጣ ሙሉ ሰው ሆኜ የምመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ እግሩ እንደተሰበረ ወንበር ነው የምታይኝ። አትድከሚ። የምትለኪው የሞተ ነገር ነው።»

ልኬ ቆማ አነበበችው። ደግማ ስታነበው አንድ ነገር አየች። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ነበር። አንድም መስመር አልተንሻፈፈም። ቁጣ እጁን አጽንቶት፣ ጣቶቹ መዳናቸውን ሳያውቀው በገዛ እጁ ጽፎ ልኮላት ነበር። ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ እንጨት ፍቅፋቂው መሐል ተቀመጠችና አለቀሰች፤ የተከፋችበትንና የተደሰተችበትን መለየት አልቻለችም።

በዚያው ቀን መልስ ጻፈች።

«ስቱኮውን ሳልነግርህ መውሰዴ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። ሌላው ግን ጥፋት አይደለም። ወንበር ስጠግን ምሳዬን አልረሳም። ይህን ስሠራ የምረሳው ምሳዬን ብቻ አይደለም። ጣትህ ስለተጎዳ አይደለም የምሠራው፤ አንተን ሳስብ እጄ ባዶውን መቀመጥ ስላልቻለ ነው። ጫማ ሰፊ እግር የሚለካው እግሩ ስለታመመ ነው እንዴ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ያልቃል። ካልመጣህ ግድግዳዬ ላይ ይሰቀላል፤ እንጨቱ አይቀየምህም። እኔ ግን ትናፍቀኛለህ።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ልትሰርዝ ብዕሯን አንስታ ነበር። ሳትሰርዝ አጣጥፋ በፖስታ ቤት ላከችው።

መልስ አልመጣም። እሷም ሥራዋን አላቆመችም። ገላውን ከሸካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምራ እስከ ስሱ ድረስ አለሰለሰችው፤ ውኃ እየረጨች፣ የቆመውን የእንጨት ፀጉር እያነሳች እንደገና። ቫርኒሽ አልቀባችውም። ዘይት በጨርቅ እያሸች፣ እያደረቀች፣ ሰባት ጊዜ መገበችው፤ ዝግባው የማር ቀለም አወጣ፣ ወይራው ከውስጥ የተደበቀውን ጥቁር ሐረግ አሳየ። የክሩን ንዝረት ወደ ድምፅ የሚለውጡትን ማግኔቶች ቀበረች፣ ሽቦዎቹን በየደች፣ አራቱን ወፋፍራም ክሮች ወጠረች። ያለችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጸሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ስትደርስ፣ ጊታሩ አልቆ ነበር። የሠራችውን ሁሉ ሰው መጥቶ ይወስደዋል። ይህኛውን የሚወስደው ላይመጣ እንደሚችል ስታስብ ክፍሉ ሰፋባት።

በሩ ተንኳኳ። የቆሙት ዶክተሯ ነበሩ።

አባቷ ብድግ ብለው ወንበር አቀረቡ። ዶክተሯ አልተቀመጡም። ደብዳቤዋን የልጃቸው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ አግኝተው እንዳነበቡት፣ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን እያወቁ እንዳደረጉት፣ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ከዚያ ጊታሩን ማየት እንደሚፈልጉ ጠየቁ። ልኬ ጨርቁን ገለጠችው።

ዶክተሯ መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ በሕይወት ዘመናቸው ስንት እጅ የዳሰሱባቸው ጣቶች አንገቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። የሞላው ጋ ቆሙ፤ የሸሸው ጋ ቆሙ። ተመልሰው እንደገና ዳሰሱት።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አሉ።

«እጁ ነው የነገረኝ» አለችና ስቱኮውን ከጎኑ አስቀመጠችላቸው።

ዶክተሯ ያን የደረቀ ነገር በሁለት እጃቸው አነሱት። ልጃቸውን የወለዱ ዕለት እንደያዙት ነበር የያዙት።

«ትንሿ ጣቱ የት ድረስ እንደምትታጠፍ መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ» አሉ። «ከዚህ በላይ አትሄድም ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ዘጋሁት። አንቺ እዚያው ከቆመችበት ጀምረሻል።» ስቱኮውን መልሰው አስቀመጡት። «የድሮ ጊታሩን ባየሁ ቁጥር የማየው እኔ ማዳን ያቃተኝን ነው። ተው፣ ይቅርብህ የምለው ለእሱ ይመስለኝ ነበር። ለራሴ ነው ለካ። የገዛ ልጄን እጅ ሰፍቼ፣ የሚወደውን ነገር መልሼ ልሰጠው አልቻልኩም።»

ልኬ ያለችው ከልቧ የወጣ ነው።

«እርስዎ ባይሰፉት ኖሮ እኔ የምለካው ጣት አይኖርም ነበር። ስድስት ሰዓት ቆመዋል። እኔ የቀጠልኩት እርስዎ ካቆሙበት ነው፤ ይህ የሁለታችን ሥራ ነው።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ አባቷ ያቀረቡላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ያን ቀን ስለ አቻ አውርቼሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የማላውቀውን ነው ያወራሁት።»

ቀጥለው አንገታቸውን ወደ መንገዱ መለስ አደረጉ። «ልጄ መኪናው ውስጥ ነው። በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋው።»

የልኬ አባት ከዘራቸውን አነሱ። «እንግዲያ እኔ ልሂድ» አሉ። «በር የኛ ሙያ ነው።»

እሱ ሲገባ ማንንም አላየም፤ እሷን ብቻ። ልኬ እጇን በሽርጧ ትጠርግ ነበር፤ ንጹሕ እጅ ነው የምትጠርገው። ጊታሩን አንስታ ሰጠችው። ማንጠልጠያውን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ግራ እጁን ከኪሱ አወጣ፣ አንገቱን ጨበጠ። ፊቱ ላይ የመጣውን ልኬ እስከ ዛሬ ስትናገር ቃል ያጥራታል። ለወራት መንገድ ጠፍቶበት የኖረ ሰው የራሱን በር እጀታ በጨለማ ዳሶ ሲያገኝ እንደዚያ ይሆን ይሆናል።

ከጠጋኙ የተዋሰችውን የድምፅ ማጉያ ከፈተችለት። የመጀመሪያው ድምፅ ደካማ ነበር፣ ሁለተኛውም ተንገዳገደ። ቆመ። እናቱ ከወንበራቸው ሊነሱ ሲሉ የልኬ አባት በዓይናቸው አስቀመጧቸው። እሱ ትንፋሽ ወስዶ እንደገና ጀመረ፣ በዝግታ። የቀለበት ጣቱ ወደ ክሩ ሄደች፤ ደረሰች። ትንሿ ጣት ተከተለቻት፤ እሷም ደረሰች። ወፍራሙ ድምፅ ወለሉን ይዞ ወጣ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መጋዞች ሳይቀሩ በስሱ ተርገበገቡ። ዶክተሯ መጀመሪያ እንደ ሐኪም ጣቶቹን ይቆጥሩ ነበር። ትንሽ ቆይተው መቁጠሩን ተዉት። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ እናት ሰሙት።

ሲጨርስ አባቷ ለዶክተሯ ግቢ ውስጥ ያለውን የእንጨት ክምር ላሳይዎት ብለው ይዘዋቸው ወጡ። ዶክተሯ በሕይወታቸው የእንጨት ክምር ለማየት እንደዚያ ቸኩለው አያውቁም።

ሁለቱ ቀሩ።

«ያን ደብዳቤ መልሶ መውሰድ ይቻላል?» አለ።

«አይቻልም። ካሉኝ ሁሉ በእጅ ጽሑፉ የሚያምረው እሱ ነው።»

ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ዓይኑ ሞላ። ለደብዳቤዋ አምስት መልስ ጽፎ አምስቱንም እንደቀደዳቸው ነገራት። ይቅርታ መጠየቅ እንጂ ሌላ የሚያውቀው ቃል ስላልነበረ፣ ይቅርታም ስላነሰበት።

«አንድ ነገር እንድታውቂ እፈልጋለሁ» አለ። «ይህን ጊታር ባትሠሪውም እወድሽ ነበር።»

ልኬ ቀና ብላ አየችው። ሚሊሜትር ስትለካ የማይርገበገበው ዓይኗ ተርገበገበ።

«እኔም» አለች፣ «ባትጫወተውም።»

ያን ጊዜ ነው እጁን የያዘችው፤ ግራውን፣ ሁለቱን ጣቶች ጭምር። እሱም አልደበቀባትም። ከግቢው የሽማግሌው ወሬና የዶክተሯ ዝቅ ያለ ሳቅ ይሰማል። በመስኮቱ የገባው ብርሃን አየሩ ላይ የተንሳፈፈውን የእንጨት ብናኝ ወርቅ አስመስሎታል።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ዜማ ሲጀምር ልኬ ጆሮዋን ቀሰረች። ዘጠነኛው ፍሬት ላይ ሦስተኛው ክር ሽቦውን እየነካ በጣም በስሱ ይነዝራል። ከእሷ ሌላ የሚሰማው ሰው አልነበረም። አምጣው ላስተካክለው ብላ እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ጊታሩን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ነገ ታስተካክዪዋለሽ» አላት። «ነገ ይዤው እመጣለሁ።»

ልኬ እጇን ሰበሰበች። በሩን ተደግፋ ስታዳምጠው፣ ነገ የሚለው ቃል ቤት ሙሉ ሆኖ ተሰማት።